የእንጨት የቤት ቁጥር ታፔላ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአያት አልፎ ወደ ለገጣፎ፣ ከጀሞ አልፎ ወደ ሰበታ፣ ከቃሊቲ አልፎ ወደ ገላን በተስፋፉት የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች ውስጥ ቤት መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አጥሩ ብሎኬት፣ በሩ ላሜራ፣ ቀለሙም ተቀራራቢ ነው። እንግዳም፣ ዕቃ አድራሽም፣ ሌሊት የተጠራ አምቡላንስም «ኮብልስቶኑ ሲያልቅ በስተቀኝ ሦስተኛው በር» እየተባለ በስልክ ይመራል። ስለዚህ ጎላ ያለና ያማረ የእንጨት ቁጥር የሚያሠራ ወይም ራሱ የሚሠራ ሰው መብዛቱ ደስ ያሰኛል። የሚያሳዝነው ብዙዎቹ ታፔላዎች አንድ ክረምት ሳይሻገሩ መሰንጠቃቸው፣ ቀለማቸው መላጡ ወይም ቁጥራቸው ተገንጥሎ መውደቁ ነው።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ጥበብ ጉድለት አይደለም። ውጭ የዋለ እንጨት ውሃ በየት በኩል እንደሚጠጣ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ከዚህ በታች ያሉት በጣውላ ቤትም፣ በቀለም ቤትም፣ በጎረቤት ምክርም ተደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች ናቸው። ልኬቱ እንዳይምታታ ለምሳሌ የያዝነው 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ታፔላ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸውን አራት አሃዞች አዝናንቶ ይይዛል።

«ጠንካራ እንጨት ከሆነ ውጭ ምንም አይሆንም»

ጥንካሬ ሌላ፣ ውጭ መቆየት ሌላ ነው። ባህር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። ለአጥር ቋሚ መልካም የሆነው እንጨት ለ18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ጠፍጣፋ ታፔላ አስቸጋሪ ነው። ወይራ ከሁሉም ይጠነክራል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ መሮ ያደክማል፣ ስፋት ያለው ጤናማ ጣውላም በቀላሉ አይገኝለትም። የሀገር ጥድ በአንጻሩ ለመሮ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ቀላ ያለው ልቡ መበስበስን በተፈጥሮው ይቋቋማል። ይህ ግን ልቡን ብቻ ይመለከታል። ከዳር ያለው ነጭ ክፍል እንደ ማንኛውም እንጨት ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ሲገዙ ነጭ ዳር ያለበትን አይውሰዱ፤ ከወሰዱም ዳሩን ቆርጠው ይጣሉት።

ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚመቸው ዋንዛ ነው። ቀላል ነው፣ በመሮ በደንብ ይቀረጻል፣ ከደረቀ በኋላም ብዙ አይንቀሳቀስም። ግራቪሊያና የፈረንጅ ጥድ በቀላሉ ይገኛሉ፤ በራሳቸው ዝናብ የሚችሉ ግን አይደሉም፣ ሙሉ በሙሉ በቀለም መሸፈን አለባቸው። የፈረንጅ ጥድ ላይ ጉጥ ይበዛል። ጉጡ ያለበት ቦታ ሙጫ እያወጣ ቀለሙን ያበላሻልና ቁጥሩ የሚያርፍበትን ክፍል ከጉጥ የጸዳ ያድርጉት።

የሀገር ጥድ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በሕግ የተጠበቁ ዛፎች መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ለአንድ ታፔላ ሲባል ዛፍ መፈለግም አይገባም። የፈረሰ አሮጌ በር፣ የመስኮት ፍሬም፣ የተሰበረ አልጋ ወይም ከእንጨት ሥራ ቤት የተረፈ ቁራጭ ይበቃል። አሮጌ የቤት ዕቃ ለዓመታት ደርቆ የተረጋጋ እንጨት ስለሆነ ከአዲስ ጣውላ ይሻላል እንላለን። ከመላግዎ በፊት ግን የተደበቀ ምስማር እንዳይኖርበት በደንብ ይፈትሹት።

አዲስ ጣውላ ሲመርጡ የተቆረጠውን ጫፍ ይመልከቱ። የዕድገት ቀለበቶቹ ከፊቱ አንጻር ቀጥ ብለው የቆሙበት ጣውላ እምብዛም አይጎብጥም። ቀለበቶቹ እንደ ቅስት የተኙበት ይጎብጣል። የግንዱ እምብርት የሚታይበት ደግሞ መሰንጠቁ አይቀርም፤ እሱን ጨርሶ ይተዉት።

«ከጣውላ ቤት የተገዛ ደረቅ ነው»

ፊቱ ደርቆ ውስጡ ውሃ የያዘ ጣውላ በየቦታው ይሸጣል። ከግንድ ተሰንጥቆ የወጣ አዲስ ጣውላ በጥላ ሲደርቅ ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ መፍቀድ የቆየ የአናጺዎች መመሪያ ነው። ከእርጥብ እስከ ደረቅ ባለው ጊዜ እንጨት ከስፋቱ ከ4 እስከ 8 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ይህ ከ7 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ቀለም ተቀብቶ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣ በአራት ብሎን ግድግዳ ላይ ከተጠረነቀ በኋላ ያን ያህል ለመቀነስ የሚሞክር እንጨት ከመሰንጠቅ ሌላ አማራጭ የለውም።

ደረቅነቱን ለማወቅ የእርጥበት መለኪያ ከሌለዎት የማዕድ ቤት ሚዛን ይበቃል። ጣውላውን ከሚፈለገው 5 ሴንቲ ሜትር አስረዝመው ይቁረጡት፣ ይመዝኑት፣ ክብደቱን እንጨቱ ላይ በእርሳስ ይጻፉ። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ከሥሩ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ክፋዮች አድርገው ያስቀምጡትና በየሦስት ቀኑ መልሰው ይመዝኑ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በኪሎ ከ5 ግራም በላይ ካልቀነሰ ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል። ይህንን በበጋ ማድረግ ይሻላል፤ በሐምሌ የተመዘነ እንጨት የማይቀንሰው ደርቆ ሳይሆን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ነው።

እስኪደርቅ ድረስ ሁለቱን የተቆረጡ ጫፎች ቀለም ወይም ኮላ ቀብተው ይዝጉ። እንጨት በጫፉ በኩል ከጎኑ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚደርቅ ጫፉ ቀድሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ትርፍ የቀረው 5 ሴንቲ ሜትርም ለዚሁ ነው፤ ጫፉ ቢሰነጠቅ ተቆርጦ ይጣላል።

«ኤምዲኤፍም ሆነ ችፑድ በደንብ ከተቀባ ይቆያል»

አይቆይም። በሌዘር የተቆረጡ የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ቁጥሮች ሱቅ ውስጥ ያምራሉ፤ ውጭ ሲወጡ ውሃ በጠርዛቸው ይገባና ያብጣሉ። ያበጠ ኤምዲኤፍ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ችፑድ ደግሞ ይፈረፈራል። ተራ ኮምፔርሳቶም (ስስ የእንጨት ንብርብሮች ተጣብቀው የሚሠራ ሰሌዳ) ንብርብሩ ይለያያል።

ከጠፍጣፋ ሰሌዳ መሥራት ከፈለጉ በግንባታ ቦታ ለአርማታ ቅርጽ ማውጫ የሚያገለግለው፣ ፊቱ በጥቁር ወይም ቡናማ ፊልም የተሸፈነው ኮምፔርሳቶ ይሻላል፤ ሙጫው ውሃ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። በከተማው ዳርቻ ግንባታ ስለማይጠፋ ቁራጩም አይጠፋም። ፊልሙ ለስላሳ ስለሆነ ቀለም አይዝም፤ ቁጥር 80 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት አብርሆቱ እስኪጠፋ ይፈግፍጉት። ሲቆረጥ የተጋለጠውን ጠርዝ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይቀቡ።

«ፊቱ በደንብ ከተቀባ ይበቃል»

ከሁሉም ስህተት ጉዳቱ የሚበዛው ይህ ነው። ሰው ፊቱን አራት ጊዜ ቀብቶ ጀርባውን ባዶ ይተወዋል፤ ጫፎቹን በብሩሹ ትራፊ ነካ ያደርጋል፤ የብሎን ቀዳዳዎቹን ውስጣቸውን አያይም። ዝናብ ፊቱን መትቶ ይወርዳል እንጂ እዚያ ብዙ አይቆይም። ውሃው የሚቆየው ታፔላው ከግድግዳው ጋር በተጣበቀበት ጀርባ፣ በታችኛው ጠርዝ ላይ በሚንጠለጠለው ጠብታና በብሎኑ ዙሪያ ነው። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ደግሞ የእንጨቱ ጥቃቅን ቱቦዎች አፋቸውን ከፍተው ነው የሚገኙት፤ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስቡታል። ጀርባው ጠጥቶ ፊቱ በቀለም ሲታፈን ሁለቱ ወገኖች እኩል አያብጡም፣ ታፔላው ይጎብጣል።

አንድ ክረምት ያለፈበትን ታፔላ አውርደው ቢመለከቱ ይህን ራሱ ያሳይዎታል። ፊቱ መሃል ላይ ጤነኛ ነው። ከግራና ከቀኝ ጫፍ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ቀለሙ እንደ ውሃ እብጠት ተነስቷል፤ በጥፍር ሲነካ ተነቅሎ ከሥሩ የጠቆረ እንጨት ይታያል። በብሎኑ ዙሪያም ሰማያዊ የመሰለ ጥቁር ክብ አለ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ጣውላው ተልጎ ከተስተካከለ በኋላ የላይኛውን ጠርዝ ከኋላ ወደ ፊት 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዲል አጋድለው ይላጉት፤ ውሃ አይተኛበትም። ከታችኛው ጠርዝ ሥር፣ ከፊቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብለው፣ 4 ሚሊ ሜትር ስፋትና 4 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያውጡ። ወደ ፊት ገጽ የወረደው ውሃ ቦዩ ላይ ሲደርስ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ጀርባ አይዞርም። ስለታም ማዕዘኖቹን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያክብቡ፤ ቀለም ከስለታም ጠርዝ ላይ ይሸሻል፣ ቀጭን ሆኖ የቀረው ቦታም መጀመሪያ ይላጣል።

የብሎን ቀዳዳዎቹን ከቀለም በፊት ይብሱ። ከቀለም በኋላ የተበሳ ቀዳዳ ውስጡ ራቁት ነው። ከዚያ በቁጥር 80፣ በ120፣ በመጨረሻም በ180 ወረቀት ወደ ጭረቱ አቅጣጫ ይፈግፍጉ። ከ180 በላይ መሄድ ለቤት ውስጥ ዕቃ ያምራል፤ ውጭ ለሚውል ግን ቀለሙ የሚይዝበትን ሸካራነት ያጠፋል።

የመጀመሪያው ቅብ የዘይት ፕራይመር ነው። ጫፎቹን፣ የቀዳዳዎቹን ውስጥና የታችኛውን ቦይ ከ20 እስከ 30 በመቶ አኳራጃ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ጨምረው ባቀጠኑት ፕራይመር ይጀምሩ፤ ሲጠጣ ይድገሙት፣ መጠጣት እስኪያቆም ይቀጥሉ። ብዙውን ጊዜ ሦስት ዙር ይፈልጋል። ከዚያ ፊቱን፣ ጀርባውንና ጎኑን እኩል አንድ ዙር ፕራይመር፣ በላዩ ሁለት ዙር የውጭ ዘይት ቀለም ይቀቡ። በየዙሩ መሃል 24 ሰዓት ይጠብቁና በ180 ወረቀት ሳብ ሳብ አድርገው አቧራውን ይጥረጉ። ለአንድ ታፔላ ሩብ ሊትር ፕራይመርና ሩብ ሊትር ቀለም በቅቶ ይተርፋል። ትራፊው ለዕድሳት ስለሚያስፈልግ በደንብ ተከድኖ ይቀመጥ።

«ቫርኒሽ የእንጨቱን ውበት ስለሚያሳይ ለውጭም ይሻላል»

ውበቱን ያሳያል፤ ፀሐዩንም ያሳልፋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ስለሚጨምር እዚህ ያለ እንጨት ባሕር ዳርቻ ካለው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ የበለጠ ጨረር ይቀበላል ማለት ነው። ጨረሩ በግልጽ ቫርኒሽ ውስጥ አልፎ የእንጨቱን ቃጫ እርስ በርሱ ያያያዘውን ንጥረ ነገር ይሰብራል። ያኔ ቫርኒሹ ራሱ ባይበላሽም የተጣበቀበት እንጨት ከሥሩ ስለተፈታ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ለአልጋና ለቁም ሣጥን የሚውለው ላከር ደግሞ ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ እንጨቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ አይለጠጥም፤ ውጭ ጨርሶ አይሞከርም።

የታፔላው አቅጣጫም ለውጥ አለው። በእኛ ከፍታና አቀማመጥ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጥርት ያለ ሰማይ ፀሐይ በስተደቡብ በኩል ታልፋለች። ወደ ደቡብ የዞረ በር ላይ ያለ ቫርኒሽ ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ ይሄዳል። ወደ ሰሜን የዞረው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

እንጨቱ እንዲታይ ከተፈለገ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ጨረር መከላከያ ያለው የውጭ ቫርኒሽ ገዝቶ ቢያንስ አራት ስስ ዙር መቀባት፣ ከዚያም በየዓመቱ ሳይላጥ ማደስ ነው። ሌላው፣ እኛ የምንመርጠው፣ መደቡን ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር አረንጓዴ ወይም ጥቁር ቡናማ ቀለም ቀብቶ ጌጡን በቅርጹ ማሳየት ነው። የሐረግ ጌጥ በጠርዙ ዙሪያ በ3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ተቀርጾ በቀለም ውስጥም ጎልቶ ይታያል፤ በየዓመቱ ሥራም አይፈጥርም።

«የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት ቢጠጣ አይበሰብስም»

የተቃጠለ ዘይት ለአጥር እንጨት ስለሚቀባ ለታፔላም ይመከራል። ውስጡ የብረት ብናኝና ለጤና ጎጂ የሆኑ የቃጠሎ ዝቃጮች አሉበት፤ በእጅ የሚነካ፣ ልጆች የሚደርሱበት ዕቃ ላይ ቦታ የለውም። በላዩ ምንም ቀለም አይዝም፣ ፀሐይ ሲመታው እየወረደ ልስኑን ያጠቁራል። የፓልም ዘይት ደግሞ አይደርቅም። የኑግና የሱፍ ዘይትም ለረዥም ጊዜ ተጣባቂ ሆነው የመንገዱን አቧራ ይሰበስባሉ።

የሚደርቀው የተልባ ዘይት ነው። እሱም ቢሆን በስሱ ተቀብቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ ትርፉ ካልተጠረገ ይጣበቃል፤ በእርጥብ ወቅትም ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ ያወጣል። አንድ ነገር በጥብቅ ያስተውሉ፦ የተልባ ዘይት የተጠረገበት ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ውሃ ውስጥ ይንከሩት ወይም ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

«ፀሐይ ላይ ቢቀባ ቶሎ ይደርቃል»

ላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ ውስጡ ታፍኖ ይቀርና ይኮማተራል ወይም ያብጣል። ጥላ ውስጥ ይቀቡ። ሰዓቱም አለው፦ የጠዋቱ ጤዛ ከደረቀ በኋላ፣ ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ እስከ 9 ሰዓት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ እንደ ሱሉልታ ባሉ ከፍ ያሉ ቦታዎች ውርጭም ስለሚጥል፣ አመሻሽ ላይ የተቀባ ዘይት ቀለም በማግስቱም ይጣበቃል፤ ጤዛ ያረፈበትም ብርሃኑን አጥቶ ይደበዝዛል። ሌሊቱን ቤት ውስጥ ያሳድሩት። በክረምት የግድ ከሆነ በየዙሩ መሃል 48 ሰዓት ይስጡት።

«ቁጥሩ ባጌጠ ቁጥር ያምራል»

የቤት ቁጥር መጀመሪያ መነበብ አለበት። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት የእሳት አደጋ ደንብ የቤት ቁጥር ቢያንስ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ቁመትና ግማሽ ኢንች የመስመር ውፍረት እንዲኖረው ያዛል። እዚህም ለሰፈር መንገድ ይህ ልክ ይሠራል። መስመሩን ከ15 እስከ 18 ሚሊ ሜትር ብታደርጉት ደግሞ ከመኪና ውስጥ በደንብ ይታያል። በአሃዞቹ መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። የተጠማዘዘ የእጅ ጽሑፍ ዓይነት ቁጥር 1ን ከ7፣ 3ን ከ8 ያቀላቅላል።

ከሁሉ በላይ የቀለም ልዩነት ይወስናል። ቡናማ እንጨት ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ ቁጥር ከአምስት እርምጃ በኋላ አይታይም። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ይጠቀሙ። መብራት ለሌለው መንገድ አንፀባራቂ ተለጣፊ በቁጥሩ ቅርጽ ቆርጦ መለጠፍ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ከሩቅ ያበራል።

የግዕዝ ቁጥር ለጌጥ የሚመርጡ አሉ፤ እኛም እንወደዋለን። እዚህ ላይ ግን ብዙ ታፔላ የሚሳሳተው አሃዝ በአሃዝ በመተካት ነው። ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ መቶና ዐሥር የራሳቸው ምልክት አላቸው። 305 የሚጻፈው ፫፻፭ ነው፣ ፫ እና ፭ን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ምንም ትርጉም የለውም። 120 ፻፳ ነው፤ መቶ ብቻውን ሲሆን ከፊቱ ፩ አይገባም። 1208 ደግሞ ዐሥራ ሁለት መቶ ከስምንት ተብሎ ፲፪፻፰ ይሆናል። ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞች ቀጭን ስለሆኑ ከ6 ሴንቲ ሜትር ቁመት በታች በእንጨት ከተቀረጹ ይሸረፋሉ። ለአምቡላንስና ለዕቃ አድራሽ ሲባል የተለመደው አሃዝ በትልቁ ይሁን፣ ግዕዙ ከሥሩ ወይም ከጎኑ ይጻፍ። ለግዕዙ የታፔላውን ስፋት ከ18 ወደ 24 ሴንቲ ሜትር ማሳደግ ይኖርብዎታል።

በመሮ የሚቀርጹ ከሆነ የቁጥሩን ጎድጓዳ ታቹ ጠባብ፣ አፉ ሰፊ አድርገው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያውርዱት። ታቹ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃ ይተኛበታል። አስቀድመው ፊቱን በፕራይመር ይዝጉ፣ ከዚያ ይቅረጹ፣ ጎድጓዳውንም በተራው ፕራይመር ይቀቡ። ባልተዘጋ እንጨት ላይ ነጭ ቀለም ወደ ጭረቱ እየሰረገ የቁጥሩን ጠርዝ ያደበዝዘዋል።

«በእሳት የተቃጠለ ቁጥር አይለቅም»

ቤት ውስጥ እውነት ነው። ውጭ ግን በስሱ የተተኮሰው ቡናማ በፀሐይ ይገረጣል፣ በዙሪያው ያለው እንጨት ደግሞ ይሸብታል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ቁጥሩ ይጠፋል። መተኮስ ከፈለጉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አውርደው ይተኩሱና ጎድጓዳውን በጥቁር የውጭ ቀለም ይሙሉት።

«ኮላ ከለጠፈው፣ ምስማር ከያዘው ይበቃል»

ነጩ የእንጨት ኮላ ለቤት ውስጥ ነው፤ በተደጋጋሚ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል። ከላይ የሚለጠፉ ቁጥሮችን በኢፖክሲ ወይም ውሃ እንደሚችል በተጻፈበት ኮላ ያጣብቁ፣ በዚያ ላይ ከጀርባ በብሎን ያስሩ። መደቡ 25፣ ቁጥሩ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው 3.5 በ30 ሚሊ ሜትር ብሎን ልክ ነው። ከዚያ የረዘመ በፊት በኩል ይወጣል።

ተራ ምስማር ሁለት ጥፋት አለው። ጫፉ አካባቢ ሲመታ እንጨቱን ይሰነጥቃል። ሲዝግ ደግሞ ብረቱ በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ተገናኝቶ ያንን ሰማያዊ ጥቁር ክብ ይፈጥራል፤ በባህር ዛፍ ላይ በተለይ ይጎላል። የማይዝግ ብሎን ወይም የናስ ብሎን ይጠቀሙ። ካልተገኘ በደንብ በዚንክ የተለበጠ ይሁን።

ለመስቀል ሁለት ብሎን ይበቃል፤ አራት ማዕዘን ላይ አራት ብሎን ማሰር እንጨቱን እንዳይንቀሳቀስ ጠፍሮ ይሰነጥቀዋል። እንጨት በርዝመቱ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል፤ የሚያብጠውና የሚቀንሰው በስፋቱ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቀዳዳዎች በስፋቱ መሃል መስመር ላይ፣ ከግራና ከቀኝ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ገባ አድርገው ይብሱ። ለ5 ሚሊ ሜትር ብሎን ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከጀርባ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቁራጭ በየብሎኑ ላይ ያስገቡ፤ ታፔላው ከግድግዳው ይርቅና ጀርባው ይነፍሳል።

ቦታው የበሩ መዝጊያ ሳይሆን የአጥሩ ኮለን ይሁን። ላሜራ በር ፀሐይ ሲመታው እንጨቱን ከጀርባ ያግላል፣ ሲዘጋ ሲከፈትም ብሎኑን ያላላል። በሩ ሲከፈት ደግሞ ቁጥሩ ወደ ውስጥ ይዞራል። ብሎኬት ላይ መስቀል ግድ ከሆነ ፑንታው (የመሰርሰሪያው ጫፍ) ባዶው ሆድ ውስጥ እንዳይገባ የብሎኬቱን መገጣጠሚያ ፈልገው ይብሱ፤ ባዶ ሆድ ውስጥ የገባ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይሽከረከራል እንጂ አይዝም። ለ15 ሚሊ ሜትር ልስን፣ ለ10 ሚሊ ሜትር ማራቂያና ለ25 ሚሊ ሜትር ታፔላ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸርና 5 በ90 ሚሊ ሜትር ብሎን ይበቃል። የቆርቆሮ አጥር ከሆነ ቆርቆሮውን አልፎ ከጀርባው ያለውን ቋሚ እንጨት የሚይዝ ብሎን ያስፈልጋል። ከፍታው ከ1.5 እስከ 1.7 ሜትር ይሁን። ከዚያ በታች ካደረጉት በክረምት ከመንገዱ የሚረጨው ጭቃ ይሸፍነዋል።

«ጌጡ ታፔላ ካለ የወረዳው ሰሌዳ አያስፈልግም»

የወረዳው ወይም የከተማው አስተዳደር የለጠፈውን ሰሌዳ አይንቀሉ፤ የእንጨቱ ተጨማሪ ነው። ገና ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ሰነዱ ላይ «የቤት ቁጥር አዲስ» ተብሎ ስለሚጻፍ፣ ከራስ ቁጥር ፈጥሮ መስቀል እንግዳንም ጎረቤትንም ያሳስታል። በ2015 ዓ.ም. ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ገላን በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ እንደታየው በዳርቻው አካባቢ የአስተዳደር አድራሻ ይለዋወጣል። ስለዚህ የክፍለ ከተማና የወረዳ ስም ከመደቡ ጋር አብሮ አይቀረጽ። ቁጥሩን ለብቻው በ1 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ሠርተው መደቡ ላይ በብሎን ቢያስሩት፣ ቁጥሩ ሲቀየር የሚለወጠው ትንሹ ቁራጭ ብቻ ይሆናል።

«አንዴ በደንብ ከተሠራ ያበቃል»

በደንብ የተቀባ ታፔላ ዓመታት ይቆያል፤ ግን በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ አንዴ መታየት አለበት። በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ይጥረጉ፣ የታችኛውን ጠርዝና ሁለቱን ጫፎች በጣት ይዳብሱ። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወይም ያበጠ ቀለም ካለ ልል የሆነውን ብቻ ይፋቁ፣ ራቁት የሆነው እንጨት ሁለት ሦስት ፀሐያማ ቀን ይድረቅ፣ ከዚያ ፕራይመርና ቀለም ይንኩት። እርጥብ እያለ ከተቀባ ውሃው ውስጥ ይታፈንና መበስበሱን ያፋጥናል። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ይፈትሹ፤ የላላ ካለ ያጥብቁ እንጂ ታፔላው እስኪጨነቅ አያስሩት። የሸረሪት ድርና ቅጠል ከጀርባው ያለውን ክፍተት ይዘጋል፤ በቀጭን ብሩሽ ያውጡት። ነጩ ቁጥር ከደበዘዘ ከነጩ ቀለም የተረፈው አንድ ዙር ለመቀባት ይበቃል።